ስድስተኛው ጭረት

ቫልቭ ዘዋሪ ነኝ እኔ፣ ሌላ ሞያ የለኝ፤
ከተማ ሲጠማው ሌሊት የሚደወልልኝ።
ግንፍሌ ሸለቆ፣ ከግድቡ ግርጌ፣
የቆርቆሮ ክፍል አለችኝ፣ እሷ ናት ማዕረጌ።

የብረቱ መዘውር፣ ዝገት ያጠቆረው፣
አሥራ አራት ዙር ነው ሞልቶ የሚከፍተው፦
ስድስቱ ለፒያሳ፣ ለሠራተኛ ሰፈር፣
አራቱ ለሰባ ደረጃ፣ ውሃ ሽቅብ ሲማር፣
የተረፈው ካለ፣ ማለት ከተረፈ፣
ለእሪ በከንቱ ነው፤ ተራው ሁሌ ያለፈ።

ከውሃው መሐል ደግሞ አንድ ዘንግ ቆሟል፣
ነጭና ጥቁር ነው፣ ቁጥር ተጽፎበታል።
«አደራ፣ ከስድስተኛው ጭረት እንዳያልፍ ወርዶ፤
ጀልባው ጭቃ ከነካ ቅዳሜ ዋለ ባዶ»
ብለውኛል ኢንጂነር ክፍሎም።
ክፉ ሰው አይደሉም። በጀቱን ያስባሉ፤
የጀልባው ገቢ ነው ፓምፑን የሚያሠራ ይላሉ።
ሲቆፈር የሰማሁት «ለመጠጥ» ነበረ፤
ሲመረቅ ግን ጀልባ ከፊት ተደረደረ።

አልዋሽም፣ ያምራል፤ ቅዳሜ ከሰዓት
ነርሷ ከሥራ ወጥታ፣ እንቅልፍ እያዳፋት፣
ሙሽራ ከነሚዜው፣ ሊስትሮ ከነሣጥኑ፣
ሁሉም አረፍ ይላል፣ ሣር ነክቶለት ጎኑ።
አንድ ሕፃን ሰማሁ፣ ባባቱ ትከሻ ላይ፣
«ይሄን ሁሉ ውሃ ማን ቀዳው ከሰማይ?
በስንት ጀሪካን?» አባትየው ሳቀ፤
እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ሆዴ ተሳቀቀ።

እትዬ ብርቄ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች፣
ከአባዶ በሁለት አውቶቡስ፤ መግቢያ ሃያ ብር ትከፍላለች፤
ጀልባ አትሳፈርም፣ ፎቶም አትነሣ፣
ዳር ካለው ወንበር ነች፣ ዐይኗን ከውሃው ሳታነሣ።
«ምን ታያለሽ?» ስላት «ቤቴን» አለች፣ ወደ ታች
ጣቷን ወደ ጥልቁ፣ ከጀልባዎቹ ሥር ዘረጋች።
«እዚያ ስኖር» አለች፣ «ውሃ አልነበረኝም፤
አሁን ውሃው ቤት አለው። ይሁን፣ አልቀናበትም።»

ረቡዕ ስልክ ጮኸ። «ዘጠነኛ ቀናችን፣
ሮቶው ተሟጠጠ፣ አየር ነው የሚያወጣው ቧንቧችን፤
አራስ አለች፣ ጨርቅ አለ...» ቃሏን አልጨረሰች።
«የሰፈራችንን ስም ታውቀው የለ?» አለች።
እሪ አላለችም። ቀስ ብላ ዘጋች።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ካፖርቴን ደረብሁና
መዘውሩን ጨበጥሁ፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ጨለማ ነው ገና።
አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።
ቧንቧው እንደ ሆድ አጉረመረመ፣
ከእግሬ ሥር አንዳች ነገር ወደ ሰፈር ተመመ፤
ወደ ላይ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ወደ ባዶ ባልዲ።
ያየሁት የለም፤ መስማት ይበቃል አንዳንዴ።

ሲነጋ ውሃው ካምስት ዝቅ ብሎ ዋለ፣
ቀዩ ጀልባ ጭቃ ላይ በጎኑ ተንጋለለ፤
ጥጉ ላይ፣ ከአረንቋው፣ ድንጋይ ብቅ አለ፦
የሃምሳ ዓመት እርምጃ መሐሉን ያሰረጎደው፣
ጫማና ባዶ እግር ተጋግዞ ያለሰለሰው፣
ጥርብ፣ የደጃፍ ድንጋይ።

ሐሙስ ነበር።

ጫማዋን አወለቀች፤ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ዋጣት፤
እጄን ብዘረጋም፣ መንገዱ መቼ ጠፋት።
ድንጋዩ ላይ ወጣች፤ ጀርባዋን ለውሃው፣
ሰው ከቤቱ ሲወጣ ሰማዩን እንደሚያየው።
«የት ሄደ?» ስትለኝ «ለእሪ በከንቱ» አልኋት።
ትንሽ ዝም አለች፤ ነፋስ ነጠላዋን ነካካት።
«ይጠጡት» አለችኝ። «ስትሞላው ግን ቀስ በል፤
ውሃም ሰው ቤት ሲገባ ‹ቤቶች!› ቢል ነው የሚሻል።»

ሦስት ሰዓት ላይ ኢንጂነሩ መጡ፣ መዝገብ ሊመረምሩ፣
ጫማቸው ጭቃ እንዳይነካ ዳር ዳሩን እየዞሩ።
ቀን፦ ሚያዝያ አሥራ ሁለት። ከፍታ፦ አራት ተኩል።
ተረኛ፦ ስሜን ከነአባቴ ጻፍሁት በውል።
«ምክንያት» የሚለው ሣጥን ጠባብ ነው፤
ሁለት ቃል ይይዛል፦
«ሰው ጠጣው።»